ዱባም ከዱባ ይለያል



አምና አንድ ስህተት ሠራሁ። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ጉዳቱ ግን በሌሎች ሰዎች ጓሮ ላይ ደረሰ። እናንተም እንዳትሳሳቱ ነገሩን ከመጀመሪያው እነግራችኋለሁ።

የማስተምረው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ መንደር ነው። አገሩ ደጋ ነው። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይበቅልበታል። ቤቱም ድንጋይ፣ ካቡም ድንጋይ ነው። ባለፈው ዓመት በሰኔ መጀመሪያ ወደ ቆላ ገበያ ወረድኩ። እዚያ አንድ የሚያምር ዱባ አየሁ። ረጅም ነው፤ አንገት አለው። ልጣጩ ለስላሳ ነው። ውስጡ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነው። «ይህን ዘር ለተማሪዎቼ ብወስድላቸው እኮ ይጠቅማቸዋል» አልኩና ገዛሁት። ፍሬውን አጥቤ አደረቅሁ። ለስምንት ተማሪዎች አሥር አሥር ፍሬ አደልኩ።

ከተማሪዎቼ አንዷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ፍሬውን በመዳፋቸው ይዘው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይህ ዱባ የየት አገር ነው?»

«የቆላ ነው፣ እማማ።»

«ስንት ወር ይቆያል?»

«እሱን እንኳ አላውቅም» አልኩ።

እማማ ሳቅ አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ከሰጠኋቸው ፍሬ ሁለቱን ብቻ በአጥር ሥር ተከሉ። የራሳቸውን የቆየ ዘር ግን በግንቦት ወር ከካቡ ሥር ተክለው ነበር።

ክረምቱ ገባ። የእኔ ዱባ ሐረጉ ረዘመ። ቅጠሉ ሰፋ። የሚያየው ሁሉ አደነቀ። ነገር ግን ያበበው ዘግይቶ ነው። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ዱባዎቹ ገና ቡጢ ያህሉ ነበር። በዚያው ሰሞን በአንድ ሌሊት ውርጭ ወደቀ። ጠዋት ስንነሣ ቅጠሉ ሁሉ የፈላ ውኃ እንደ ተደፋበት ጠቁሮ ተኝቷል። በስምንቱም ጓሮ የእኔ ዘር እንዲሁ ሆነ። ከተማሪዎቼ አንድ የአምስት ልጆች አባት ጓሯቸውን ቆመው እያዩ፣ «ቦታውን ለጎመን ብተወው ኖሮ ልጆቼ ይበሉ ነበር» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የዚያን ዕለት እማማ ቤት ገባሁ። ቆጡ ላይ ሰባት ዱባ ተደርድሯል። ትንንሽ ናቸው። መልካቸው አመድማ ነው። ውርጩ ሳይመጣ ተቆርጠው፣ ፀሐይ ተመትተው የተቀመጡ ናቸው። ያኔ ገባኝ። «ቅልና ዱባ አበቃቀሉ ለየቅል» እንላለን። ለካስ ዱባም ከዱባ ይለያል! ስህተቴ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ለደጋ የማይሆን ዘር አመጣሁ። ሁለተኛ፣ ዘግይቼ አደልኩ።

ከዚያ በኋላ እማማን ጠየቅሁ። መጻሕፍት አነበብኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

ዱባ ከየት መጣ?

ቅል የአፍሪካ ተክል ነው። ከጥንት ጀምሮ እዚሁ ነበር። ዱባ ግን የመጣው ከባሕር ማዶ፣ ከአሜሪካ ምድር ነው። እዚያ ያሉ ሕዝቦች ዱባን ማልማት የጀመሩት ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ነው። በቆሎ፣ ባቄላ የሚመስል አደንጓሬና ዱባ በአንድ ማሳ ይዘሩ ነበር። በቆሎው ለአደንጓሬው መደገፊያ ይሆናል። የዱባው ሰፊ ቅጠል ደግሞ መሬቱን ይሸፍናል፤ አረም ያፍናል፤ እርጥበት ይጠብቃል። ኮሎምቦስ የተባለው መርከበኛ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደ አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ዱባ ወደ ሌላው ዓለም ተሰራጨ። በቆሎ፣ ድንችና በርበሬም እንደዚሁ ከዚያ የመጡ ናቸው።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? የአሜሪካ ምድር ሰፊ ነው። ሙቅ ቆላም፣ ቀዝቃዛ ተራራም አለው። አንዳንዱ ዱባ ከሙቅ አገር የወጣ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ትንሽ ብርድ ይችላል። ስለዚህ ዘር ስንመርጥ «ያምራል ወይ?» ከማለት በፊት «የየት አገር ነው?» ማለት አለብን። እማማም የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር።

እጀታውን እዩ

ዱባ ሦስት ዋና ዋና ወገኖች አሉት። በመልክና በትልቅነት ለመለየት አስቸጋሪ ነው። በአንድ ወገን ውስጥም ክቡም፣ ረጅሙም፣ ቢጫውም፣ አመድማውም ይገኛል። የተሻለው ምልክት እጀታው ነው። እጀታ ያልኩት ዱባው ከሐረጉ የሚያያዝበትን ግንድ ነው።

አንደኛው ወገን፦ እጀታው ጠንካራ ነው። አምስት ጠርዝ አለው። በጣት ሲዳስሱት ይታወቃል። ቅጠሉ ይሻክራል፤ እሾህ መሰል ጠጉር አለው። በሙቅ አገር በ3 ወር ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ባለ ጊዜ ይደርሳል። ከሦስቱ ፈጣኑ እሱ ነው። ነገር ግን ብዙ አይቀመጥም። ከ2 እስከ 3 ወር ቢቆይ ነው።

ሁለተኛው ወገን፦ እጀታው ወፍራምና ክብ ነው። እንደ ቡሽ ይለሰልሳል። ጠርዝ የለውም። ቅጠሉ ትልቅና ክብ ቢጤ ነው። ከሦስተኛው ወገን ይልቅ ብርድ ይችላል። በሙቅ አገር ለመድረስ እስከ 4 ወር ይፈልጋል። በደንብ ከተያዘ 4 ወርና ከዚያም በላይ ይቀመጣል። የእማማ ዱባ የዚህ ወገን ነው።

ሦስተኛው ወገን፦ እጀታው ጠንካራ ነው፤ ጠርዝም አለው። ነገር ግን ዱባው ላይ ሲያርፍ እንደ ዶሮ እግር ይዘረጋል። ቅጠሉ ላይ ብዙ ጊዜ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ይህ ወገን ሙቀት ይወዳል። ከ4 ወር በላይ ይፈልጋል። ከሁሉም ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቀመጣል፤ ለቆላና ለሙቅ ወይና ደጋ በጣም ጥሩ ነው። እኔ ያመጣሁት ይህን ነበር። ዱባው መጥፎ አልነበረም፤ አገሩ ነው ያልሆነው።

እነዚህ ወራት ለሙቅ አገር የተቆጠሩ ናቸው። በደጋ ሁሉም ይዘገያሉ። ይህን አትርሱ።

የእናንተ ጓሮ የት ነው?

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ብርዱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ያለው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አንኮበር ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ሲወርዱ አገሩ እየሞቀ ይሄዳል። አልዩ አምባ በድሮ ዘመን የደጋው ሰውና ከባሕር በኩል የሚመጣው ነጋዴ የሚገናኙበት ትልቅ ገበያ ነበር። በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ብርዱም ሙቀቱም አለ። ለዚህ ነው በአንድ ወረዳ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ዘር መትከል የሌለበት።

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ላላችሁ፦ ዱባ ለሜዳው ማሳ አይሆንም። ሌሊቱ ይበርዳል። ከጥቅምት ጀምሮ ብርዱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ሌሊት አለ። ነገር ግን ከቤት አጠገብ፣ ፀሐይ ከሚያገኘው ካብ ሥር ሁለት ሦስት ሐረግ ማሳደግ ይቻላል። ድንጋይ ቀን የፀሐይን ሙቀት ይይዛል፤ ማታ ይመልሰዋል። ትንንሽ ዱባ የሚያፈራውን፣ ቶሎ የሚደርሰውን ዘር ምረጡ። ከአንደኛውና ከሁለተኛው ወገን ፈልጉ። ትልቅ ዱባ አትመኙ። ትልቁ ሳይበስል ውርጭ ይቀድመዋል።

በአንኮበር ዙሪያ ላላችሁ፦ ሁለተኛው ወገን ይስማማችኋል። ከቆላው ጭጋግ ሲወጣ ቅጠል እርጥብ ይሆናል። ስለዚህ ሐረጉን አታጨናንቁ። ቅጠል ላይ አመድ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ያንን ቅጠል ቆርጣችሁ አርቁ።

ከአንኮበር በታች ላላችሁ፦ ሦስተኛውን ወገን ትከሉ። ለእናንተ ውርጭ አያስፈራም። ከበቆሎ ጋርም ይስማማል።

ሌላም ነገር አለ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል። ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ውርጭ ረባዳውን አብዝቶ ይመታል። ጓሯችሁ ተዳፋት ከሆነ ከታችኛው ጫፍ ይልቅ መካከሉ ይሻላል።

ወራቱን ከኋላ ቁጠሩ

ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ ከዘሩበት ቀን ወደ ፊት ይቆጥራል። ለዱባ ግን ከውርጩ ወደ ኋላ ቁጠሩ። በአገራችሁ ውርጭ የሚጀምረው መቼ ነው? ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ጥቅምት 1 ነው እንበል። ከዚያ አምስት ወር ወደ ኋላ ስንቆጥር ግንቦት 1 ላይ እንደርሳለን። እንግዲህ በግንቦት መጀመሪያ ዱባው መብቀል አለበት። እኔ ዘሩን ያደልኩት በሰኔ ነው። አያችሁ?

በግንቦት መሬቱ ገና ቀዝቃዛ ከሆነ ዘዴ አለ። በሚያዝያ መጨረሻ ፍሬውን በጣሳ ወይም በተሰበረ ገንቦ ውስጥ ዝሩ። ውኃ እንዲያልፍ ከሥሩ ብሱት። ቀን ፀሐይ ላይ አውጡት። ማታ ምድጃ ወዳለበት ቤት አስገቡት። ችግኙ ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ከነአፈሩ አንሥታችሁ ትከሉት። ሥሩን አትንኩ። የዱባ ሥር ሲነካ ይቆጣል። ዝናብ ከሌለ የእቃ እጣቢ ውኃ ይበቃዋል።

የሚተከልበትን ጉድጓድ ቀድማችሁ ቆፍሩ። አንድ ቅርጫት የበሰበሰ ፍግ ጨምሩ። አመድም ጥቂት ይጨመር። መሬቱ ውኃ የሚይዝ መረሬ ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ከምሩ፤ ከምሩ አናት ላይ ትከሉ። ዱባ ፍግ ይወዳል፤ ውኃ የተኛበት መሬት ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል። ከአንዱ ጉድጓድ እስከ ሌላው ሁለት ትልልቅ እርምጃ ይሁን።

አበባው ሲመጣ

ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ አለው። መጀመሪያ የሚያብበው ወንዴው ነው። እሱ ይረግፋል። «ዱባዬ መከነ» ብላችሁ አትዘኑ። ሴቴ አበባ ከበስተኋላዋ ትንሽ ዱባ አላት። በዚህ ትታወቃለች። ከወንዴው ወደ ሴቴው ዱቄቱን የምታደርሰው ንብ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብና ጉም ሲበዛ ንብ አትወጣም። እንዲህ ሲሆን እናንተ ንብ ሁኑ። በጠዋት፣ አበባው እንደ ተከፈተ፣ ወንዴውን አበባ ቅጠፉ። ቅጠሉን ገፋችሁ መካከሉን በሴቴዋ ውስጥ አሹት። በቃ።

በደጋ በአንድ ሐረግ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዱባ ይበቃል። እነዚያ ሲይዙ የሐረጉን ጫፍ ቅጩ። ጉልበቱ ወደ ዱባው ይሄዳል። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ የያዘ ዱባ ውርጭ ሳይቀድመው መብሰሉ ያጠራጥራል። እሱን በለጋነቱ ቆርጣችሁ ወጥ ሥሩት። ለጋ ዱባ ይበላል። ይህን አምና አውቄ ቢሆን ኖሮ በስምንቱ ጓሮ የነበረው ቡጢ ቡጢ ያህል ዱባ በከንቱ አይበላሽም ነበር።

መቁረጥና ማስቀመጥ

የበሰለ ዱባ በምን ይታወቃል? ልጣጩን በጥፍራችሁ ጫኑት። ጥፍር ካልገባ ደርሷል። እጀታውም ደርቋል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ የሌለበት ምሽት ከመጣ ተጠንቀቁ። ውርጭ የሚወድቀው እንዲህ ባለ ሌሊት ነው። ያልተቆረጠ ዱባ ካለ ጭድ ወይም ጆንያ አልብሱት።

ስትቆርጡ እጀታውን አራት ጣት ያህል አስቀሩለት። በእጀታው ይዛችሁ አታንጠልጥሉት። እጀታው ከተነቀለ በዚያ በኩል ይበሰብሳል። ለአሥር ቀን ያህል ቀን ቀን ፀሐይ ይምታው፤ ማታ ማታ ይግባ። ከዚያ በደረቅ ቦታ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቆጥ ላይ ደርድሩት። አንዱ ሌላውን አይንካ። ውርጭ የነካው ወይም የተጫረ ካለ እሱን አስቀድማችሁ ብሉ።

ዘራችሁን ጠብቁ

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው። ለዘር የሚሆነው ትልቁ ዱባ አይደለም። ውርጭ ሳይመጣ ቀድሞ የበሰለው ነው። እማማ እንዲህ አሉኝ፦ «ትልቁን ለእንግዳ አበላለሁ። ቀድሞ የደረሰውን ለዘር አስቀራለሁ። እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር።» እናትና ልጅ በየዓመቱ ፈጣኑን እየመረጡ ኖረዋል። ስለዚህ ዘሩ አገሩን ለመደ። ይህ ሳይንስም የሚያስተምረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ የእኛ አገር የዘር ማዕከል አለ። ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ሥራው የአገራችንን የእህልና የአትክልት ዘር ሰብስቦ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው። የእማማ ቤት ደግሞ በበኩሉ እንደ ትንሽ ማዕከል ነው።

ለዘር የተመረጠው ዱባ ከተቆረጠ በኋላ አንድ ወር ያህል ይቀመጥ። ፍሬው ውስጡ ይበልጥ ይጎለምሳል። ከዚያ ፍሬውን አውጥታችሁ እጠቡ። በጥላ ሥር አድርቁ። ከአመድ ጋር በደረቅ ቅል ውስጥ ክተቱ። ደረቅ ከሆነ ለአራት ዓመት ያህል ይበቅላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አንድ ወገን የሆኑ ሁለት ዓይነት ዱባዎች ጎን ለጎን ካበቡ ንብ ታዳቅላቸዋለች። ዱባው ዘንድሮ አይለወጥም። ከዚያ ፍሬ የሚበቅለው የከርሞው ግን ይለወጣል። ስለዚህ ለዘር የምትፈልጉትን ለብቻው አርቃችሁ ትከሉ። ደግሞም የሚመር ዱባ ካጋጠማችሁ ትፉት። ወጡንም ድፉት። መራራው መርዝ ነው፤ ሆድ ያውካል። ዘሩንም አታስቀሩ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

ዱባ የድሃ ምግብ ነው ተብሎ ይናቃል። እንዲህ ማለት ስህተት ነው። ውስጡ ደማቅ ቢጫ የሆነ ዱባ ሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር አለው። ቪታሚን ኤ ዓይንን ይጠብቃል። ሕፃን ይህን ካጣ ሲመሽ ማየት ይሳነዋል። ይህን ዳፍንት እንለዋለን። ቸል ከተባለ ዓይንን እስከማጥፋት ይደርሳል። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ከእናቱ ጡት ጋር የተቀቀለና የተፈጨ ዱባ ሊበላ ይችላል። ጠብታ ዘይት ወይም ቅቤ ይጨመርበት፤ ያኔ ሰውነቱ ቪታሚኑን በደንብ ይወስዳል። ለጾምም ዱባ ወጥ አለ። ፍሬውም ተቆልቶ ይበላል። ዳፍንት የያዘው ልጅ ካለ ግን ዱባን ብቻ አትጠብቁ። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አሁን መጻፍ ትችላላችሁ

ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ሁሉ መጻፍም ትችላላችሁ። እንግዲያው ዘንድሮ ስለ ዱባችሁ አምስት ነገር ጻፉ፦

1. ዘሩን ከየት አገኛችሁት? እጀታው ምን ይመስላል?

2. በየትኛው ቀን ተከላችሁት?

3. ሴቴ አበባ በየትኛው ቀን አበበች?

4. ውርጭ በየትኛው ቀን ወደቀ?

5. በየትኛው ቀን ቆረጣችሁት? ስንት ሆነ?

ከርሞ ዘር ስትመርጡ ይህ ወረቀት ይመራችኋል። ከጎረቤታችሁ ወረቀትም ጋር አስተያዩት። የማን ዱባ ቀደመ? የእሱን ዘር ተዋሱ። የግብርና ሠራተኛ ሲመጣም አሳዩት።

አምና ዘሬ የጎዳቸው ስምንት ቤቶች ዘንድሮ ከእማማ ቅል ሦስት ሦስት ፍሬ ወስደዋል። ያ የአምስት ልጆች አባትም ወስደዋል፤ ግማሹን ጓሮ ግን ለጎመን ትተዋል። ጥሩ አድርገዋል።

እማማ ደብተራቸውን ትናንት አሳዩኝ። ፊደላቸው ትልልቅ ነው። መስመሩን ይለቃል። እንዲህ ይላል፦ «ሚያዝያ 18። 6 ፍሬ። በጣሳ። የእናቴ ዘር።»

«ስንት ወር ይቆያል፣ እማማ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሱን እጽፍልሃለሁ» አሉኝ።